ወደ ግራ ይግፉ

አባቴ ከጀልባ ማኅበራቸው የወጡት በሜኑ ምክንያት ነው። በጠብ ቢሆን አስታራቂ ይፈለግ ነበር፣ በበሽታ ቢሆን ጠበል ይሞከር ነበር። በሜኑ ለወጣ ሰው ምን እንደሚደረግ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። ሜኑ ስል ደግሞ አሣ ጉላሽና አሣ ጥብስ የተጻፈበት፣ አስተናጋጅ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ የሚሄደው ወረቀት እንዳይመስላችሁ። እሱ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በልተን እንጣላ ነበር።

የእኔ ሜኑ የስልክ ነው። አንድ ድረ ገጽ በስልካችሁ ስትከፍቱ አናቱ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ በጣት ሲገፏቸው ወደ ጎን የሚንሸራተቱ ቁልፎች አሉ አይደል? እነሱን ነው የምሠራው። ሹም አቦ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል በር ላይ "ድረ ገጽ እንሠራለን" ብዬ በትልቁ ለጥፌያለሁ። የሰፈሩ ሰው ግን ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ የተሰበረ ስልክ ይዞ ይገባል። ቻርጅ የማይዝለት፣ ድምፁ የጠፋበት፣ ልጁ ባልዲ ውስጥ የከተተበት፣ ሁሉም የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። አልጠግንም ስል ስለሚቀየሙኝ አንዳንዱን እጠግናለሁ። ኔት እንደሆነ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይከርማል። ኔት በሚጠፋበት ከተማ ድረ ገጽ ሠሪ መሆን ምን እንደሚመስል ላስረዳ አልሞክርም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁት ደግሞ ባታውቁት ይሻላችኋል።

አባቴ ፈንታሁን ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጣና ላይ ነው የጨረሱት፤ ድሮ በታንኳ፣ ኋላ በሞተር ጀልባ፣ እንግዳ ወደ ገዳማቱ እያደረሱ ሲመልሱ። ማኅበሩ ሲቋቋም ከነበሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። ማኅበሩ አንድ ጥሩ ሕግ ነበረው፤ ተራ። ጠዋት ወደቡ ላይ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጭናል፣ ጭኖ የተመለሰ ከኋላ ይሰለፋል፣ በቃ። በነዚህ እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት እንኳ ተራው አልተነካም። ያለችውን ጥቂት እንግዳ ተካፍለው ነው የዘለቁት።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ኃይሉ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ስብሰባ ደርሰው ሲመለሱ ድረ ገጽ ያስፈልገናል አሉ። እንግዳው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ስልኩ ላይ ጀልባውን መርጦ ይመጣል፤ በድረ ገጽ የመጣ እንግዳ ደግሞ ተራ አይመለከተውም፣ የመረጠው ጀልባ ይጭነዋል አሉ። አባቴ ብቻቸውን ተቃወሙ። ተራ ከቀረ ማኅበርነታችን ምኑ ላይ ነው ብለው ጠየቁ። እጅ ወጥቶ ነገሩ ሲጸድቅ አላኮረፉም። ካልቀረ የእኔ ልጅ ይሥራው ብለው ሥራውን ለእኔ አመጡልኝ። ራሳቸው ያልወደዱትን ነገር ለልጃቸው እንጀራ ይሁን ብለው ተቀበሉት።

አባላቱ በየስማቸው ገጽ እንዲከፈትላቸው ፈለጉ። ወደቡ ላይ ጀልባ የሚጠራው በባለቤቱ ስም ስለሆነ፣ አናቱ ላይ የሚቀመጠው ሜኑ የሰዎቹ ስም ሆነ። አንዱን ስም ስትነኩት የሰውየው ጀልባ ከነፎቶዋ ትከፈታለች። መጀመሪያ ስሞቹን ወደ ታች ደረደርኋቸው። የስልኩን ስክሪን ሞልተው ጣናን ከለሉት። እንግዳው ሐይቁን ከማየቱ በፊት ከማኅበሩ አባላት ጋር አንድ በአንድ መተዋወቅ ነበረበት።

ስለዚህ አጋደምኋቸው። በአንድ መስመር አቆምኋቸው፣ ወደ ታች እንዳይወርዱ ከለከልኋቸው፣ በጣት ሲገፉ እንዲንሸራተቱ፣ ሲለቀቁ ደግሞ ስም መሃል ላይ ሳይሆን ስም መጀመሪያ ላይ ጸጥ ብለው እንዲቆሙ አደረግሁ። ዙሪያቸውን አለዘብሁት፣ የሐይቁን ሰማያዊ ቀባኋቸው። ከሥራቸው አንዲት ቀጭን ግራጫ መስመር ነበረች። ስልኩ በራሱ የሚያመጣት ናት፤ ገና ያልታየ ነገር በወዲያ በኩል አለ የምትል። መልኬን አበላሸችብኝ ብዬ ደበቅኋት። ይቺን መስመር አደራ አትርሷት፤ እኔ እንደሆነ ዘለዓለም አልረሳትም።

ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል? ማንም እንዳይቀየመኝ ብዬ ፊደል ይወስን አልሁ። ፊደል ዘመድ የለውም፣ ወገን የለውም፣ ጠጅ አይጋበዝም። ኮምፒውተሩ ሀይሉን አንደኛ፣ መኳንንትን ሁለተኛ፣ ረታን ሦስተኛ አድርጎ፣ ስዩምን አስከትሎ፣ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ ፈንታሁንን አስቀመጠ። ከፈ በኋላ የቀረው ፐ ነው፤ በፐ የሚጠራ ባለጀልባ ደግሞ ባሕር ዳር ገና አልወለደችም። አባቴ የመጨረሻው ሆኑ። የመጨረሻው ቁልፍ ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር እንዳይለጠፍ ከኋላው ትንሽ ክፍት ቦታ ይተውለታል። ስልኮች ግን ይህን ክፍት ቦታ መዋጥ ይወዳሉ፤ ትታችሁት ስትከፍቱት የለም። ቀኑን ሙሉ ስታገል ውዬ አሸነፍሁና፣ የአባቴ ስም እንኳ ተንፈስ ይበል ብዬ ከሚገባው በላይ ሰፊ አድርጌ ተውሁላቸው።

ሥራዬን መጀመሪያ ያሳየሁት ሐይቁ ዳር፣ ወደቡ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ነው። ኔት ስላልነበረ ስልኬ ውስጥ ያስቀመጥሁትን ነው ያሳየሁት። አባቴ አልነበሩም፤ በተራቸው እንግዳ ጭነው ነበር። ስልኩ ሲከፈት የሚታየው ሀይሉ፣ መኳንንት፣ ከዚያም ከረታ ስም የመጀመሪያዋ ፊደል ናት። ጋሽ ኃይሉ ስማቸውን አንደኛ ላይ ሲያዩት አገጫቸውን ዳሰስ አድርገው፣ ልጁ ሥርዓት ያውቃል አሉ። ፊደሉ ነው ብዬ ላስረዳ ነበር፤ ሰው ሲያመሰግን ማቋረጥ ነውር ስለሆነ ተውሁት።

ረታ ግን ተነሣ። ስሙን ያወጡለት አባቱ የመሬት ክርክር የረቱ ዕለት ነው። "ረታ የተባልሁትን ሰውዬ ረ አሰኘኸኝ" አለኝ። ግማሹን የቆረጥሁት ሆን ብዬ ነው፤ የተቆረጠ ስም ያየ ሰው ቀሪው ወዴት ሄደ ብሎ ይገፋዋል፣ በሙያችን የታወቀ ዘዴ ነው አልሁት። ታዲያ ለምን የሊቀመንበሩን አትቆርጥም አለኝ። ለዚህ በሙያችን መልስ የለም።

የቀሩት ደግሞ እኛስ የታለን አሉ። ገፋ አድርጌ አሳየኋቸው፤ ስማቸው ሲንሸራተት ሲያዩ ሳቁ፣ ተደሰቱ። ወዲያው ግን አንዱ፣ እንግዳው ይህንን በምን ያውቃል ብሎ ጠየቀ። ልክ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አይቶ ማኅበሩ ይኸው ነው ብሎ ቢመርጥስ? እንግዳ የሚጭኑት ስክሪኑ ላይ የታዩት ብቻ ሊሆኑ ነው። ሌላው በደንገሉ መሃል ጀልባውን አስሮ ሞተር ሲነሣ ሊሰማ ነው።

ቤቴ ገብቼ የቁልፎቹን ስፋት እንደገና ለካሁና ረታ ሙሉ ሰው ሆኖ እንዲታይ አደረግሁ። አሁን የመጀመሪያዎቹ ስሞች ስክሪኑን ልክክ ብለው ሞሉት፤ ምንም የተቆረጠ የለም። ተጨማሪ ሰው እንዳለ ምልክት ይሁን ብዬ በስተቀኝ ጠርዝ ላይ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ጥላ ጣልሁበት። ስክሪኑ ተቃጥሏል አሉ። ማግሥቱን አንድ አባል የወንድሙን ልጅ ላከብኝ፤ ስልክ ጠጋኝ ነው፣ ስክሪንህን ይቀይርልህ ብሎ። እኔን፣ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ስጠግን የምውለውን። ጥላውን አነሣሁት።

ከዚያ በጽሑፍ ልንገራቸው አልሁ። ከስሞቹ ሥር በትንንሽ ፊደል "ወደ ግራ ይግፉ" ብዬ ጻፍሁ። ስሞቹ ወደ ግራ ሲገፉ የተደበቁት ከቀኝ ይመጣሉ፤ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። የማኅበሩን ስብሰባ በጸሎት የሚከፍቱ አንድ መሪጌታ አሉ፤ በዚያ ሳምንት ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ስልኩን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አወጡ፣ አነበቡ፣ እንደገና አነበቡ።

"ልጄ፣ እኛ በቀኝህ አቁመን እያልን ጠዋት ማታ የምንለምን ሰዎች ነን" አሉኝ። "መገፋቱስ ይሁን፣ መገፋት የለመድነው ነው። ወደ ግራ ግን ለምን?"

አንድም ሰው አልሳቀም። ከነበሩት መሃል ስሙ ወደ ግራ እንዲገፋ የፈለገ አልተገኘም። እዚያው ቁጭ ብዬ ግራ የሚለውን ቀኝ አልሁት። አሁን ሁሉም ደስ ብሏቸው ወደ ቀኝ ገፉ። ሜኑው ግን የሚነሣው ከመጀመሪያው ስም ስለሆነ ወደ ቀኝ ሲገፉት የትም አይሄድም። ተበላሸ አሉኝ። እኔም ተናደድሁና ጽሑፉን ጨርሶ አጠፋሁት። እንግዲህ ግራጫዋ መስመር ተደብቃለች፣ የተቆረጠ ስም የለም፣ ጥላው ተነሥቷል፣ ጽሑፉ ጠፍቷል። ከሦስተኛው ስም ወዲያ ሰው መኖሩን የሚናገር ነገር አልቀረም።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ መሪጌታ ስልኩን ሳይመልሱልኝ፣ ኃይሉን በሃሌታው ሀ ማን ጻፈው አሉ። እኔ ነኝ፤ ጣቴ የለመደው ሀ እሱ ነው። ኃይል የሚጻፈው በብዙኃኑ ኀ ነው አሉ መሪጌታ። ጋሽ ኃይሉ ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ልዩነት ያመጣል ብለው ጠየቁ። ዝም ብል ምን ነበረበት? ኮምፒውተሩ ይለየዋል፣ በትክክሉ ከተጻፉ ከባለጀልባው ከተስፋዬ በኋላ ይሄዳሉ፣ ከስክሪኑ ውጭ አልሁ። ጋሽ ኃይሉ ቀስ ብለው ከደረት ኪሳቸው መታወቂያቸውን አወጡና ለሁሉም አሳዩ። ቀበሌ የጻፈላቸው ሀይሉ ብሎ ነው፤ መንግሥት የሚያውቀኝ በዚህ ነው አሉ። መሪጌታ መነጽራቸውን አጣጥፈው፣ እንግዲህ ፊደልም ቀበሌ ገባ አሉ።

እኔ ከዚያች ቀን ወዲህ ዕረፍት አላየሁም። ፊደል ሲቀየር ወንበር እንደሚቀየር ሰዎቹ ገባቸው። ስዩም ማግሥቱን መሪጌታ ዘንድ ሄዶ ስሙ ከሢመት የመጣ ስለሆነ በንጉሡ ሠ እንደሚጻፍ አረጋግጦ መጣ። ዕድሜውን በሙሉ በእሳቱ ሰ ሲፈርም የኖረ ሰው፣ ንጉሡ ሠ ከረ እንደሚቀድም የሰማ ዕለት የግእዝ ሊቅ ሆነ። ሥዩም ተብሎ ከረታ ፊት ገባ፤ ረታ ከነ ረው ከስክሪኑ ወጣ። ዓለሙ ደግሞ በተቃራኒው ዓይኑን ዐ ጣለና በአልፋው አለሙ ልባል አለ። ብዙ ሰው አልፎ ወደ ፊት መጣ፤ ከማይታይ ቦታ ወደ ሌላ የማይታይ ቦታ። ቢሆንም ደስ ብሎት ሄደ።

ጌታቸው በፊደል የሚያደርገው ቢያጣ "አቶ ጌታቸው በለኝ" አለኝ። በአልፋው አ ዘሎ ከነዓለሙ ጎን ገባ። ይህን ያየ ሁሉ አቶ ልባል አለ፤ ጋሽ ኃይሉም ከእነሱ ላለማነስ አቶ ሀይሉ ተባሉ። ሁሉም አቶ ሲሆኑ ኮምፒውተሩ አቶን ትቶ የየስማቸውን ፊደል ማየት ጀመረና ሰልፉ ተመልሶ ያው ሆነ። ጋሽ ኃይሉ ተቆጥተው ማዕረግ ይቅር ብለው አዘዙ። ሁሉም አቶነታቸውን መለሱ።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ጥሩ ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፤ ሌላ ጥሩ ሐሳብ መጥቶልኝ እንደሆነ አላስታውስም። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ሰልፉ ይቀያየር፤ አሁን አንደኛ የነበረ ቀጥሎ ሲከፈት መጨረሻ ይሁን፣ የመጨረሻው ይምጣ። ለአባቴ ስነግራቸው በሥራዬ ሲደሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው። "ተራ ማለት ነዋ" አሉ። ለጋሽ ኃይሉ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ሊቀመንበር አንድ ቀን ከመጨረሻ ይገኝ ነው የምትለው ብለው ጠየቁኝ። አዎ ነው የምለው፤ ግን አላልሁም።

የቀረኝ አባቴን መለመን ነበር። እቤታቸው ሄጄ፣ አባባ፣ ሰዉ ሁሉ ስሙን እንደፈለገ እየጠመዘዘ ነው፣ ለርስዎም አንድ ቅጽል እንፈልግልዎት፣ በሀ የሚጀምር አልኋቸው። ከእሳቸው በፊት የተወለደ ወንድም ነበራቸው፤ በሕፃንነቱ ነው የሞተው። እሳቸው ሲወለዱ እናታቸው በሱ ፈንታ ሁንልኝ ብለው ነው ፈንታሁን ያሏቸው።

"ይህ ስም የሁለት ሰው ነው" አሉኝ። "ለስልክ ብዬ አልነካውም። ደሞ የሊቀመንበሩ ስም ሲቀድም ዝም ብለን፣ የኔ ሲቀድም ልጁ አስቀደመው ይሉሃል።"

ደግሜ አልለመንኋቸውም። ስምዎ ግን ከመጨረሻ አለ፣ ሰፊ ቦታ ትቼልዎታለሁ አልሁና ሜኑውን በራሴ ጣት ገፍቼ አሳየኋቸው። አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው የያዙት ባለቁልፍ ስልክ ነው፤ ስክሪኑ የሚነካ ስልክ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። እኔም ንኩት አላልኋቸውም።

ሥራው አለቀና ማኅበሩ አይቶ እንዲያጸድቀው ስብሰባ ተጠራ፤ እዚያው ዋርካው ሥር። ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፊት ያሉት ስማቸውን በዐይናቸው አገኙ፣ ከኋላ ያሉት የለመዱ ስለሆኑ ጎተት አድርገው አገኙ። ስልኩ አባቴ ዘንድ ደረሰ። የአባቴ አውራ ጣት በመቅዘፊያና በገመድ የጠነከረ፣ ተረከዝ የመሰለ ጣት ነው። ስልክ ደግሞ የሚታዘዘው ለስላሳ ጣት ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ሙያዬ ነው፤ አስቤው ግን አላውቅም። አባቴ ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙ። ሀይሉ፣ መኳንንት፣ ሥዩም። ጣታቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረግ አድርገው ገፉ። ንቅንቅ አላለም። ጫን ብለው ደገሙት። አሁን የጋሽ ኃይሉ ጀልባ በሙሉ ስክሪን ተከፈተች።

ልረዳቸው ስነሣ ቀና አሉና፣ ማንንም ሳይለዩ፣ "እኔ የለሁበትም" አሉ።

ስሜ እዚህ ላይ አይታይም ማለታቸው ነው። ሌላ ምንም ማለታቸው አይደለም። ይህን ቃል ስብሰባ ላይ የሰማ ሰው ግን እንዴት እንደሚሰማው እናንተም ታውቃላችሁ። ጋሽ ኃይሉ ብድግ አሉና፣ ጋሽ ፈንታሁን ከመጀመሪያውም ሐሳቡን አልወደዱትም ነበር፣ ዛሬ የለሁበትም ብለዋል፣ ሁላችንም ሰምተናል፣ ውሳኔያቸውን እናከብራለን አሉ። ረጋ ብለው፣ በጣም በትሕትና። ከጎናቸው የተቀመጡት ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ተነሥቼ፣ ኧረ ጣታቸው ነው፣ ስክሪኑ አልታዘዝ ብሏቸው ነው፣ ስማቸው ከመጨረሻ አለ እያልሁ ለፈለፍሁ። ስልኩን ነጥቄ ላሳያቸው ስል ከላብ የተነሣ ለእኔም እንቢ አለኝ። ጋሽ ኃይሉ አባል እንዳልሆንሁና በአባላት ስብሰባ መናገር እንደማልችል አስታወሱኝ። ረታን አየሁት፣ ዓለሙን አየሁት፤ ሰውየው የስልኩን ነው የሚሉት የሚል አንድ ሰው ጠፋ። አባቴ ክብ ሠርቶ የተቀመጠውን ሰው ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። ከዚያ "ተወው" አሉኝ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

በሐይቁ ዳር ይዘን ስንሄድ ተቆጣኋቸው። አንድ ቃል ይበሉ ነበር፣ ስሜን አጣሁት ማለቴ ነው ቢሉ ማን ይከለክልዎት ነበር አልሁ።

"የለሁበትም ስል ደስ አላቸው" አሉኝ። "ደስ ሲላቸው አየሁ። ካየሁ በኋላ ምን ብዬ ልመለስ?"

ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። አብረዋቸው ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ በማዕበል ቀን አባቴ ጀልባቸውን ጎትተው ያወጡላቸው ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው ከተቀነሰ ለቀሪው የሚደርሰው እንግዳ ይበዛል ብለው በልባቸው ሲያሰሉ ፊታቸው ላይ ታይቶ ይሆናል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ያ በድረ ገጽ ይመጣል የተባለው እንግዳ እስካሁን አለመምጣቱ ነው። የተጣሉት ላልመጣ ሰው ነው።

አባል ያልሆነ ወደቡ ላይ መጫን አይችልም። የአባቴ ጀልባ ከወደቡ ራቅ ብላ ደንገሉ ውስጥ ታስራለች። ውሃ ታስገባለች፣ እምቦጩም ይከባታል፤ እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ሄደው ውሃዋን ይቀዳሉ፣ እምቦጩን ያነሣሉ፣ ሞተሯን አስነሥተው ያጠፏታል። የት ሊሄዱ ነው ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ጋሽ ኃይሉ ደወሉና ያንን ስም አውጣው አሉኝ። ይውጣ ያለው እኔ ብሆን ይቀለኝ ነበር። ፈንታሁን የሚለውን አጥፍቼ ገጹን ከፈትሁት። ሀይሉ፣ መኳንንት፣ ሥዩም። አንዳች የተለወጠ ነገር የለም፤ አባቴ ሲኖሩም ሳይኖሩም ያው ገጽ ነው። ጥቂት ቆይተው ጋሽ ኃይሉ መልሰው ደወሉ። ከፍቼ አየሁት፣ እንደነበረ ነው፣ አላወጣኸውም እንዴ አሉኝ። "ወደ ግራ ይግፉ" አልኋቸውና ዘጋሁት።

ባለፈው ሰንበት አባቴ ዘንድ ወረድሁ። ጀልባዋ ውስጥ ቆመው በጣሳ ውሃ ይቀዱ ነበር። ያንን ነገርህን እስቲ አምጣው አሉኝ። ከፍቼ ሰጠኋቸው። እንዲህ ያደርጉታል ልላቸው ስል እጃቸውን አድርቀው በትንሿ ጣታቸው ገፉት። ተንሸራተተ። መቼ እንደተማሩት አላውቅም፤ ማን እንዳስተማራቸውም አልጠየቅሁም። ረታን አለፉ፣ አለሙን አለፉ፣ ጌታቸው ላይ ሲደርሱ ሜኑው ቆመ። ደጋግመው ገፉት፤ አለቀ። ስልኩን ጠጋ አድርገው ተመለከቱት።

"ከጌታቸው ወዲያ ያለችው ባዶ የማን ናት?"

"የርስዎ ናት" አልሁ። "ስምዎ እንዳይጣበብ ብዬ የተውኋት ናት። ስሙን ሳነሣ እሷን ማንሣት አቃተኝ።"

ስልኩን መለሱልኝ።

"እንግዲያውስ አለሁበት" አሉና ጣሳቸውን አንሥተው ውሃቸውን መቅዳት ቀጠሉ።